ያልተቋረጠው አረንጓዴ መስመር

በእኔ እጅ ያላለፈ ወንጀል ቢኖር ገና ያልተፈጸመው ብቻ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራ የሚያስፈልገው ሥራው ለማይመሰክርለት ሰው ነው። ያም ሆኖ በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ የሕንፃውን ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ የጽዳት ሠራተኛዋ አይታኝ ደነገጠችና ወንበር አቀረበችልኝ።

«ተጎጂው እኔ አይደለሁም» አልኳት።

«እሱማ ውስጥ ነው ጋሼ። እርስዎ ግን ይቀመጡ።»

ቢሮው የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ነው። ጠረጴዛው ብዙ፣ ሰው ግን አልነበረበትም። በኮሪደሩ ጫፍ የመጥረጊያ ማስቀመጫ የምታክል ክፍል አለች፤ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያው እዚያ በጀርባው ተዘርግቷል። ባልደረቦቹ «ሐኪሙ» ይሉታል፣ የታመመ ማሽን አይቶ ማለፍ ስለማይችል። አሁን የተፈነከተው የራሱ ጭንቅላት ነው። ደሙ በብረት መደርደሪያው ጠርዝ ላይ ደርቋል። ከመደርደሪያው አናት ላይ የቢሮውን ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ራውተሩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ መብራቶቹን ያርገበግባል።

«ይተነፍሳል» አለ ፍሬን።

ፍሬን ረዳቴ ነው፤ ሳጅን ነው። እኔ በምርመራ ስከንፍ እግሬን ይዞ ወደ መሬት ስለሚመልሰኝ ስሙን ያወጣሁለት ራሴ ነኝ።

«እንዲህ ያለ ቁስል በአንድ እይታ ነው የማነበው» አልኩት። «አምስት የታጠቁ ሽፍቶችን በባዶ እጄ ስይዝ...»

«ባለፈው ሳምንት ሁለት አልነበሩ እንዴ?»

«ሦስቱ ተደብቀው ነበር» አልኩና ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

አምቡላንሱ ሐኪሙን ሲወስድ ስልኩ መደርደሪያው ላይ ቀረ። ከመመታቱ በፊት የኢንተርኔት አቅራቢውን ድርጅት ባለሙያ እያነጋገረ ነበር። በሌላኛው ጫፍ የነበረችው ልጅ በኋላ እንደነገረችን፣ «ቆይ፣ ሰው መጥቷል» ብሎ ስልኩን ሳይዘጋ አስቀመጠው። የማሽኖቹ ማራገቢያ ጩኸት ንግግሩን ዋጠው። ከዚያ አንድ የብረት ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። «አሎ፣ አሎ» ብላ ብላ፣ ረስቶኝ ሄደ ብላ ዘጋችው። ስለዚህ የተመታበትን ሰዓት ያለ ምንም ጥርጥር አወቅነው። የቀረን ማን እንደመታው ብቻ ነበር፤ ይህ ለእኔ የእጅ መታጠብ ያህል ሥራ ነው።

*

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዘበኛውን ነው። እጁ ላይ ትኩስ ጭረት ነበረበት።

«ድመት ናት ጌታዬ» አለ።

«ሁሉም ድመት ናት ይላል» ብዬ ፈገግ አልኩ። ድመቷ ከወንበሩ ሥር ወጥታ ፍሬንን ቧጨረችው። ያ ምርመራ በዚህ ተዘጋ።

በፊት ለፊት በር ማንም አልገባም አለ ዘበኛው። የጽዳት ሠራተኛዋም እዚያው ከእሱ ጋር ደጃፉን ስታጥብ ነበር፤ ሐኪሙን ወድቆ ያገኘችው በኋላ ስትወጣ ነው። የኋላው በር ግን ጠባቂ የለውም፤ ቁልፉም በእያንዳንዱ ሠራተኛ ኪስ አለ። ሥራ አስኪያጁ ጫማው ሲሚንቶ እንደለበሰ ከግንባታ ቦታ ሮጦ ደረሰ። ሠራተኛው በሙሉ ማለዳ አብሮት ወጥቶ ነበር፤ እርስ በርስ ሲተያዩ ነው የዋሉት። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ከቤታቸው ሆነው የሚሠሩ። አንዱ ምክትሉ፣ አንዷ ነዳፊዋ።

«እነሱንም ቢሆን እያየኋቸው ነው» አለና ወደ ራሱ ክፍል ወስዶ ትልቅ ስክሪን አሳየኝ። «ቪፒኤን የሚሉትን ያውቃሉ?»

«ከፈጠሩት ሰዎች እኩል» አልኩ። «ግን ለሳጅኑ ያስረዱለት።»

ፍሬን ጣሪያውን አየ።

«ከሠራተኛው ቤት እስከዚያ ራውተር ድረስ ስውር ቧንቧ እንደመዘርጋት ነው» አለው ሥራ አስኪያጁ። «የቢሮው ንድፎች በቧንቧው ይመላለሳሉ፣ ከውጭ ማንም አያያቸውም። ሠራተኛው ሲገናኝ ከስሙ አጠገብ ያለው መስመር አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲቋረጥ ይነጣል። እኔ ሰው አላምንም፣ መስመሩን ነው የማምነው።»

የምክትሉ መስመር ከማለዳ ጀምሮ እንደ ለምለም ሣር ወጥ አረንጓዴ ነበር። የነዳፊዋ ደግሞ አይጥ የበላው ጨርቅ ይመስላል፤ ይገናኛል፣ ይቋረጣል፣ ይገናኛል፣ ይቋረጣል። ሐኪሙ በተመታበት ሰዓት አካባቢማ ጨርሶ ተቦጫጭቋል።

«ቤቷ የት ነው?» አልኩት።

በመስኮቱ ጠቆመኝ። ከቢሮው ጀርባ ያለው አጥር ሥር ነው።

«ሌላም ነገር አለ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰሞኑን ሰው ሁሉ እየሰማ በስልክ ጮኸችበት። ይህን ሳጥን ካላስተካከልክ መጥቼ አናትህ ላይ ነው የምከሰክሰው አለችው።»

*

ምክትሉ ከቤቱ ተጠርቶ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፊቱ ያዘነ፣ አነጋገሩ የተለካ።

«ከማለዳ ጀምሮ ከኮምፒውተሬ አልተነሣሁም» አለ። «መስመሩን አይታችሁታል መቼም።»

«አይተነዋል። አያሰለችም?»

«መሐል መሐል ዜና አነባለሁ፣ ትናንት የተካሄደውን ጨዋታ አያለሁ። ሰው ነኝ እኮ ኢንስፔክተር።»

«በስልክዎ?»

«ስልኬ ባትሪው አብጦ ተዘግቶ ነው ያለው። እዚያው ሥራው ላይ፣ በዚያው ኮምፒውተር።»

«ነዳፊዋ ራውተሩ ተበላሽቷል ትላለች አሉ።»

በኀዘኑ መሐል ፈገግ አለ። «ራውተሩ? ወርቅ ነው! እኔን አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ሥራ ያልወደደ ሰው የሚያሳብበው አያጣም።»

ነዳፊዋን ጣቢያ ነው ያነጋገርኳት። እጇ ላይ የእርሳስ ጥቁረት፣ ዓይኗ ሥር የብዙ ሌሊት ድካም አለ። የደከመው ሰው የደከመውን ያውቃል።

«አናትህ ላይ እከሰክሰዋለሁ ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

«የምርሽን ነበር?»

«ለእሱ ያላልኩት ነገር አለ እንዴ? እሱም መልሶ ይስቃል። ወንድሜ ማለት ነው።» ከዚያ ወደ ፊት ተጠጋች። «ኢንስፔክተር፣ ሳጥኑ ሁለቱን አንድ ላይ አይሰጥም። የቢሮውን ንድፍ ከከፈትኩ ኢንተርኔት ይጠፋል። ኢንተርኔት ከፈለግኩ ከቢሮው መውጣት አለብኝ። ስከፍት ስዘጋ ነው የምውለው።»

«ምክትላችሁ ወርቅ ነው ይላል።»

«እሱ እንደፈለገው ይበል። አባቴ አልጋ ላይ ነው ያለው። በየጊዜው ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል። ዛሬ ማን ነው የሚያገላብጠው? እሱን ይንገሩኝ፣ ሌላውን በኋላ ይጠይቁኛል።»

አዛዣችን ግን ጥያቄ አልነበረውም። ዛቻ አለ፣ ቅርበት አለ፣ የተቦጫጨቀ መስመር አለ። «ነገ ከሰዓት መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይግባ» አለ። «ከዚያ ወዲያ የእኛ ጉዳይ አይደለም።»

እኔ በሕይወቴ አዛዥ ፈርቼ አላውቅም። «እሺ ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ።

*

በማግስቱ ማለዳ የአቅራቢውን ድርጅት ባለሙያ፣ ያቺን ሐኪሙ በስልክ ሲያነጋግራት የነበረችውን ልጅ፣ ይዤ ወደ ነዳፊዋ ቤት ሄድኩ። ፍሬን ከኋላ ተከተለ። በሩን አንዲት ጎረቤት ከፈተችልን፤ የራሷ ወገብ የሚያማት፣ ሽማግሌውን ማንሣት አቅቷት ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረች።

ክፍሏ አንድ ናት። በአንድ ግድግዳ አልጋ፣ በሌላው የንድፍ ጠረጴዛና ኮምፒውተር። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው ተኝተዋል።

«አባባ፣ እንደምን አደሩ?»

«እንደ ግንድ» አሉ። «ልጄን የወሰድካት አንተ ነህ?»

«በዚህ አገር ካሉት መርማሪዎች ሁሉ የታወቅኩት እኔ ነኝ። ልመልሳት ነው የመጣሁት።»

«ከታወቅክ ለምን አላወቅኩህም?»

ፍሬን አሳለው። እኔ ወንበር ሳብኩ።

«ትናንት ጠዋት ልጅዎ ቤት ነበረች?»

«ሬዲዮዬን ስታበላሽ ነዋ የዋለችው!»

የሽማግሌው ሬዲዮ ኮምፒውተሩ ነው። የሚወዱት ጣቢያ በኢንተርኔት ብቻ ነው የሚሰማው፤ ልጃቸው ያንን ከፍታላቸው እዚያው ላይ ትሠራለች። ትናንት ስለ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ተረክ ነበር።

«ይንገሩኝ እስቲ።»

«ምኑን እነግርሃለሁ፣ ወንፊት እኮ ነው! ሰውዬው ገመድ ወገቡ ላይ አሥሮ ሊወርድ ሲል ጠፋ። ስጮህባት መለሰችው፤ ታች ደርሷል፣ ወንድሙ ከላይ ገመዱን ይዟል። ወንድሙ ዞር ብሎ ሲያይ ጠፋ። ‹አባዬ፣ ይቺን ንድፍ ላስቀምጣት› ትላለች። መለሰችው፤ ሰውዬው ‹ሳብ!› እያለ ይጮኻል። ጠፋ! በመጨረሻ ስትመልሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ውኃ እየጠጣ ነው። ማን አወጣው? እንዴት ወጣ? ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፣ ልጠይቃት ብል ታስራለች።»

ባለሙያዋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ነዳፊዋ ከጣቢያ በላከችልኝ ፓስወርድ ከቢሮው ጋር ልታገናኘው ስትል መጀመሪያ ሬዲዮውን ከፈተችው። አንድ ሰው ስለ ዝናብ ይናገር ነበር። ማሽኑን ከቢሮው ጋር አገናኘችው። ሰውዬው ዝናቡን በአፉ እንደያዘ ዝም አለ።

«ይኸው! ይኸው!» አሉ ሽማግሌው። «እንዲህ ነው የምታደርገኝ!»

«የራውተሩ አሠራር ላይ አንድ ነገር ጎድሏል» አለች ባለሙያዋ። «የተገናኘ ሰው የሚከፍተውን ሁሉ በቧንቧው ይስባል፣ ግን ወደ ውጭው ኢንተርኔት መልሶ አያወጣውም። ሐኪሙ የደወለልኝ ይህን አብረን ልናስተካክል ነው። ሠራተኛው ሁሉ በአቤቱታ አሰልችቶኛል ብሎኛል።»

ፍሬን ሥራውን ሠራ፣ ማለትም አቆመኝ። «እሺ፣ ተበላሽቷል። ግን ኮምፒውተሩን ተሸክማ ቢሮው ጓሮ ቆማ ስትከፍት ስትዘጋ ብትሆንስ?»

እኔ ይህን ጥያቄ ጠብቄው ነበር ብል ማንም አይከራከረኝም። «ሬዲዮውስ?» አልኩት። «ሬዲዮው እኮ ከዚህችው ማሽን ነው የሚወጣው።»

ባለሙያዋ የትናንቱን ተረክ ከጣቢያው ገጽ አገኘችው። ፍሬን ከሥራ አስኪያጁ ስክሪን ያነሣውን ፎቶ ዘረጋን። ሽማግሌው አልሰማሁም ያሉት ቦታ ሁሉ መስመሩ አረንጓዴ ነው፤ የሰሙት ቦታ ሁሉ ነጭ። ሐኪሙ ሲወድቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሰው «ሳብ!» እያለ ነበር፤ ሽማግሌውም እየጮኹ ነበር፤ ማሽኑም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር። በየጥቂት ደቂቃው ለተደረገው ለእያንዳንዱ ግንኙነት ደግሞ ፓስወርዱን የሚጽፍ እጅ ያስፈልጋል፤ ሽማግሌው ከአልጋ አይነሡም።

የተቦጫጨቀው መስመር የሚሠራ ሰው መስመር ነበር።

ጆሮዬ ውስጥ ያን ጊዜ አንድ የምክትሉ ቃል ጮኸ። ወርቅ።

«ልጄ» አልኳት ባለሙያዋን፣ «ይህ ራውተር ያላስቸገረው ሰው ሊኖር ይችላል?»

«ተገናኝቶ የሚሠራ ከሆነ አይችልም።» ከኮምፒውተሩ ወደ እኔ ዞረች። «ሐኪሙ ሌላም ነገር ገርሞት ነበር። ከመስመሮቹ አንዱ ቀኑን ሙሉ ይከፈታል፣ ግን ምንም አያልፍበትም አለኝ። የማንን እንደሆነ ሳይነግረኝ ነው ሰው የመጣበት።»

*

የምክትሉ ቤት ደረጃ አለው። ከዚህ በላይ ስለዚያ ደረጃ መናገር አልፈልግም።

በሩን አክስቱ ከፈቱልኝ።

«ሥራ ሄዷል» አሉ።

«ሥራው እዚህ ቤት አይደል እንዴ እትዬ?»

«ይሄኛውማ እዚህ ነው። ያኛው እዚያ ነው። እሱም የሕንፃ ሥዕል ነው አሉ፤ እኔ ምን አውቃለሁ።»

ፍሬንን ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ልኬው ነበር። ደወልኩለት።

«ምክትሉ አሁን የት ነው?»

«ሥራ ላይ ነው» አለ ፍሬን። «መስመሩ አረንጓዴ ነው። አንድም ቦታ አልተቋረጠም።»

ሳሎኑ ውስጥ ኮምፒውተሩ ብቻውን ተከፍቶ ተቀምጧል። ቁልፎቹ ላይ አንድ የብርጭቆ ጨው ማስቀመጫ ቆሟል። አንዷን ቁልፍ ወደ ታች ተጭኗታል።

እጄን ስዘረጋ አክስቱ ጮኹ። «እንዳይነኩት! እሱ ከተነሣ ኮምፒውተሩ ያንቀላፋል ብሎኛል። ምግቡ ጨው ሲያንሰው እንኳ ከሌላ ዕቃ ነው የምጨምረው።»

ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። ስንት ብልጥ ወንጀለኛ በእጄ አልፏል፤ በጨው ማስቀመጫ የሚወከል ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። አክስቱ ሻይ አመጡልኝ። ደክሞኝ ስለነበር ጠጣሁት።

ምክትሉ ለምሳ መጣ። አይቶኝ ቆመ፤ ከዚያ ጨው ማስቀመጫውን አየ።

«ና ወንድሜ፣ ተቀመጥ» አልኩት። «እርስዎ» ማለት ታክቶኝ ነበር። «ትናንት በዚህ ማሽን ዜና እያነበብክ፣ ጨዋታ እያየህ ነበር አልከኝ። እስቲ አሳየኝ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ጨው ማስቀመጫውን አነሣ። የዜናውን ገጽ ከፈተ። ስክሪኑ መሐል አንዲት ክብ ትዞር ጀመር። ዞረች፣ ዞረች። ሌላ ገጽ ሞከረ። ነጭ ሆነ። ሦስተኛውንም ከፈተ።

«ዛሬ... ዛሬ ምን ሆኖ ነው?»

«ዛሬ ምንም አልሆነም። እንዲህ ከሆነ ቆይቷል። ቢሮው ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር ሲያማርሩ ትሰማለች። አንተ ግን ተቀምጠህበት አታውቅም።»

ክቧ ትዞራለች። አክስቱ ከበሩ ሥር ሆነው አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ ጨው ማስቀመጫቸውን ያያሉ።

«አልመታሁትም» አለ በመጨረሻ። «ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም። ባዶ ቧንቧ ነው የምትከፍተው፣ ለሥራ አስኪያጁ ራስህ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ አለኝ። ላነጋግረው ብቻ ነው የሄድኩት። በኋላ በር ገባሁ። ዝም በልልኝ አልኩት፣ ሁለቱንም ቦታ አጣለሁ አልኩት። ወደ ራውተሩ ዞረና ይህን ልጨርስ፣ ቆይ አለኝ። ቆይ! ሕይወቴ ነው እኮ! ገፋሁት።»

«ስትወጣ ይተነፍስ ነበር?»

ጨው ማስቀመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ስልኩ መደርደሪያው ላይ ተከፍቶ ነበር። ልጅቷ በሌላው ጫፍ አሎ፣ አሎ ትል ነበር። አንድ ቃል ብትናገር አምቡላንስ ትጠራለት ነበር።»

«አላየሁትም።»

«ልጅቷንስ? ነዳፊዋን? እሷን ስናስር አይተሃል።»

አክስቱ መጥተው ጨው ማስቀመጫውን አነሡና በቀሚሳቸው ጠረጉት። «ለዚህ ነው እንዳትነኪው ያልከኝ?» አሉት። ከእኔ ጥያቄ ሁሉ ይልቅ ያጎበጠው ይህ ነው።

*

አዛዣችን መዝገቡን መልሶ ሲቀበለኝ አላመሰገነኝም። እኔም አልጠበቅኩም፤ ታላላቅ ሰዎች በዘመናቸው አይመሰገኑም። ከሆስፒታል ደግሞ ሐኪሙ ዓይኑን ገልጧል የሚል መልእክት መጣ። መጀመሪያ የጠየቀው፣ ራውተሩን ማንም እንዳልነካካበት ነው።

ነዳፊዋን ራሴ ወደ ቤቷ ወሰድኳት። በሩን ስትከፍት ሽማግሌው አልዞሩም፤ መዞር አይችሉም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«ዘገየሽ» አሉ።

«ይያዙልኝ» አለችኝ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ከትከሻው።» እኔ ትከሻቸውን፣ እሷ ዳሌያቸውን ይዘን ቀስ ብለን ገለበጥናቸው። ጀርባዬ እሪ አለ። ሽማግሌው የተኙበት ጎን ግን ቀልቶ ነበር እንጂ አልቆሰለም። አይታ አይታ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። ከዚያ ቅባት ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።

«አንተ የታወቅኸው» አሉ ሽማግሌው፣ አሁን ፊት ለፊት እያዩኝ። «እሷም የዚያን ተረክ ጎዶሎውን አልሰማችም። ያ ሰውዬ ከጉድጓዱ እንዴት ወጣ?»

እኔ ተረኩን በሙሉ፣ ለማስረጃ ስል፣ ሰምቼው ነበር። የወጣው በመሰላል ነው። ጎረቤት መጣ፣ መሰላል አወረደለት፣ ወጣ። በቃ።

ሽማግሌውን አየኋቸው። ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ እያዩ ያንን ሰው ከጉድጓድ ሲያወጡ ያደሩ ሰው ናቸው። ወንበሬን ወደ አልጋው ሳብኩ፣ ጫማዬን ፈታሁ።

«ገመዱ ተበጠሰ» አልኩ። «ወንድሙ አለቀሰ፣ አገሩ ተሰበሰበ፣ ማንም መውረድ አልደፈረም። ያን ጊዜ አንድ መርማሪ በዚያ ያልፍ ነበር፤ ቁመቱ ይህን ያህል፣ ጉልበቱ እንደ ብረት...»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነዳፊዋ ቅባቱን ይዛ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ታዳምጣለች።

«ውሸትህን ነው» አሉ ሽማግሌው። «ቀጥል።»